ሐሙስ የተቆጠሩት እንግዶች

«ይኼን አጥፋልኝ» አለች እናቴ፣ ሊጥ በነካው ጣቷ ወረቀቱን እየጠቆመች።

«የቱን?»

«አሁን ያነበብከውን። ገበያዬ ሞቷል የሚለውን። ማነው የሞተው? ምን ሆኖ ነው የሚሞተው?»

«እማ፣ እንዲህ ተብሎ ነው የሚጻፈው። አነጋገር ነው።»

«አነጋገርህን ለራስህ ያዝ። በዚህ ቤት ላይ ሞት ብለህ አትጻፍብኝ። አላህ ሰምቶ እሺ ቢልህስ?»

ይኼ አራተኛው ነበር። መጀመሪያ «ቀኑ ጨልሞብኛል» የሚለውን አስወጣችኝ፤ በበሩ በኩል ጠዋቱን እያሳየችኝ «የታለ የጨለመው?» ብላ። ቀጥላ «የምቀምሰው አጥቼ» የሚለውን፤ «ትናንት ምን በላህ? ድንጋይ ነው የበላኸው?» ብላ። ከዚያ «ከሰው በታች ሆኜ» የሚለውን። እሱን ስትሰማ ማቡካቷን አቆመች። አየችኝና እስክሪብቶውን ራሴ አንስቼ ሰረዝኩት። አሁን የሞተው ገበያ ከወጣ፣ ከማመልከቻው የሚቀረው ቀኑና «ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር ብቻ ነው።

«እሺ ምን ልበል?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «አንቺ ንገሪኝና ልጻፈው። ግን ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ከዛሬ በኋላ የግብር ቅሬታ አይቀበሉም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። አትጩህብኝ፣ ሰው አለ።»

ሰው የተባለው አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጦ ፓስቲውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። «ኧረ እኔ የለሁም በሉ» አለ አፉ እንደሞላ። «ከቆጠራችሁኝ ግምቱ ይጨምርባችኋል።»

እኔ አልሳቅሁም። እናቴ ግን ሳቀች። የሚያሳብደኝ ይኼ ነበር።

እናቴ ውጫሌ ላይ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ አንድ ክፍል ሻይ ቤት አላት። ሁለት ረጃጅም አግዳሚ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ የፓስቲ መጥበሻ፣ ሁለት ፔርሙዝ። ከምድጃው ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ የንግድ ፈቃዷ በመስተዋት ተሰቅሏል። አባቴ በሕይወት ሳለ መሬቱም ላሟም ቤቱም በሱ ስም ነበር። እሱ ሲሞት ከገጠር ወርዳ ይችን ክፍል ተከራየች፤ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ተመዘገበች፤ በአሻራዋ ፈረመች። ከመታወቂያዋ ቀጥሎ ስሟ በማተሚያ የታተመበት ወረቀት ይኼ ብቻ ነው። ማንበብ አትችልም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። ሊጥ ስታቦካ ቁጥሮቹን አንድ ባንድ እያዜመች ትላቸዋለች፤ ለማያውቃት ሰው ቁርአን የምትቀራ ይመስለዋል።

ያን ጊዜ እንደሷ ያሉ ትንንሽ ነጋዴዎች ደረጃ ሐ ይባሉ ነበር። ደረጃ ሐ መዝገብ አይይዝም። ገማቾች መጥተው የቀን ገቢህን ይገምታሉ፣ በሱ ይሰላል፣ በዓመት አንዴ ሐምሌ ላይ ትከፍላለህ። ከሱ በላይ ያለው ደረጃ ለ ግን የገባውንና የወጣውን በየቀኑ በመዝገብ ማስፈር አለበት። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ የእናቴ ስም ከግብር ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከስሟ ጎን ያለው ፊደል ሐ አልነበረም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከኋላዬ የቆመ ሰው «ወንድሜ፣ ለኛም አስነብበን» እስኪለኝ ድረስ ዞር አላልኩም።

ማንበብ የማትችል ሴት መዝገብ እንዴት ትይዛለች? የሂሳብ ሠራተኛ ብትቀጥር ሻይ ቤቱ የሚሠራው ለሂሳብ ሠራተኛው ይሆናል። መዝገብ ከሌላት ግብሯን ስለመክፈሏ የሚሰጥ ክሊራንስ የለም፤ ክሊራንስ ከሌለ ፈቃዱ አይታደስም፤ ፈቃዱ ካልታደሰ በሩ ይታሸጋል። ይኼን ሰንሰለት በቀን ሃያ ጊዜ አስበው ነበር፤ ሃያ ጊዜም እዚያው የታሸገው በር ጋ ያደርሰኝ ነበር። ለእናቴ ስነግራት «አብሽር» ትለኛለች። «የከፈተው እሱ ነው።»

ይኼ ሁሉ የሆነው ገማቾቹ የመጡት ሐሙስ ቀን በመሆኑ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ሻይ ቤታችን ሻይ ቤት አይደለም። የሰፈሩ ዱአ እዚያ ነው የሚደረገው፤ ሌላው ቤት ስለማይበቃ። እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ክርስቲያን ነው፤ ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብሎ «አሚን» የሚለው እሱ ነው። ታማሚ ያለበት ለታማሚው ያስደርጋል፣ መንገድ የወጣ ልጅ ያለው ለልጁ። ሻዩ ከእናቴ ነው፤ ሰደቃዋ ነው። በዚያ ሰዓት ለገባ ሰው ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አይባልም። ይጠጋጉለታል፣ ይቀዳለታል።

በዚያ ሐሙስ ገማቾቹ መውጣታቸውን መንገዱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ወሬውን የሚያደርሱት ባጃጆች ናቸው፤ ቀስ ብለው እያለፉ «መጡ!» ይላሉ። ከዚያ ሱቆቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይከሳሉ። ዘይቱ ወደ ጓሮ፣ ስኳሩ አልጋ ስር፣ በሩ ግማሽ። ልብስ ሰፊው አዳዲሶቹን ኮቶች ከመስቀያው አውርዶ አንድ ክርኑ የተቀደደ አሮጌ ካፖርት በር ላይ ሰቀለ። ይኼን ሲጨርስ ወደኛ ሮጦ መጣ።

«እትዬ፣ ሰዉን በጓሮ አስወጪው! ገማቾች ከላይ እየወረዱ ነው።»

«ዱአ ላይ ያለ ሰው በጓሮ ይወጣል እንዴ? ምን ሰርቆ?»

«ኧረ ተይ፣ ይቆጥሩብሻል!»

«ይቁጠሩ። ቁጭ በል፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል።»

ቁጭ አለ። የራሱን ቤት ባዶ አድርጎ መጥቶ የኛን ሞላው።

ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ወንዶችና ሰማያዊ የፕላስቲክ ማህደር የያዘች ልጅ። እናቴ ብድግ ብላ «ግቡ፣ ግቡ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለቻቸው። ሰዉ ተጠጋጋ። ሻይ ተቀዳ፣ ፓስቲ ቀረበ። ልጅቷ ማህደሩን ጉልበቷ ላይ ከፈተች።

«እትዬ፣ ገበያ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! ምን ጎድሎብን።»

«በቀን ስንት ሰው ይስተናገዳል?»

«ሰው በቁጥር ይታወቃል እንዴ፣ የኔ ሸጋ? ያው እንደምታይው ነው። አላህ አያጉድል።»

«ይኼ ወንበር ሁልጊዜ እንዲህ ይሞላል?»

«ኢንሻአላህ ይሞላል!»

«አሚን!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ከልማድ።

እኔ ምድጃው አጠገብ በደብተሬ ላይ አጎንብሼ ነበር። ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጭንቅላት ስትቆጥር አየሁ። በግራ በኩል ባለው አግዳሚ ጀመረች፣ በቀኙ ጨረሰች፣ መሬት የተቀመጡትንም አልተወችም። እስክሪብቶዋ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ አንደኛው ገማች ለመክፈል ኪሱን ሲዳብስ እናቴ እጁን ያዘችው፦ «ኧረ በአላህ! ከእንግዳ ሂሳብ ልቀበል?» ልጅቷ ይኼንንም ጻፈች። ለማታውቀው ሰው እንዲህ የምትረጭ ሴት ምን ያህል ብትሸጥ ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም።

መናገር እችል ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ እነዚህ ደንበኛ አይደሉም፣ ይኼ ሻይ አይሸጥም፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ለምን ዝም እንዳልኩ በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ዱአውን ላለማቋረጥ፣ እናቴን በእንግዳ ፊት ላለማሳፈር። እውነቱ ግን አንድ ግጥም ላይ ነበርኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስፈልጋት የዋልኩት ቤት መምቻ ልትመጣልኝ ስትል ነው የገቡት። አፌን ከከፈትኩ ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ። ለአንዲት ቃል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሷም አልመጣችም።

እናቴ ዋሸች ማለት አይደለም። በኛ ሰፈር እንግዳ ስለ ኑሮህ ሲጠይቅህ ጎደለ ብለህ አትመልስም። አላህ የሰጠህን መካድ ነው፤ ምስጋና፣ ሹክር የሌለበት ቤት በረካው ይነሳል ይላሉ። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተን ስንመለስ አግዳሚዎቹ ማገዶ ሆነው፣ ፔርሙዞቹ ተወስደው፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ ድስት ብቻ ነበር የቆየን። ያኔም ሰው መጥቶ «እንዴት ናችሁ?» ሲላት «አልሐምዱሊላህ» ነው ያለችው። ያኔ ግን የሚጽፍ አልነበረም።

እኔ የምሠራው ሐይቅ ነው፤ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ካገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ እየለቃቀምኩ ነው የተማርኩት፤ ማመልከቻም እንዲሁ። የቤቱ ባለቤት በልጅነቱ እስጢፋኖስ ገዳም ቆሎ ተማሪ ነበር። ቅኔውን ሳይጨርስ ወጣ እንጂ ቋንቋው አልወጣለትም። የእናቴን ነገር ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ለቅሶ ያስፈልግሃል» አለኝ።

«ጋሼ፣ አንድ እውነት ነው የምፈልገው። የዱአ ቀን ነበር ብዬ ልጽፍ ነው።»

«እውነቱን ማን ያነብልሃል? በቀን ስንት ወረቀት እንደሚገባላቸው ታውቃለህ? መጀመሪያ አስለቅሳቸው፣ ከዚያ እውነቱን በመጨረሻው መስመር ሹክ በላቸው።» ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረና አንድ ማህደር ከፈተልኝ። ውስጡ የተዘጋጀ ለቅሶ ነበር፦ ለመሬት አንድ፣ ለፍርድ ቤት አንድ፣ ለግብር ሁለት። «ይኼኛው ለሴት ነው» አለኝ። «ባል የሞተባት የሚለውም አለበት፤ አንተ ደግሞ ዕድለኛ ነህ፣ እውነትም ሞቶባታል።»

ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ በሱ ለቅሶ ላይ የራሴን ለቅሶ ስጨምር ዋልኩ። ቀኑን አጨለምኩት፣ ገበያውን ገደልኩት፣ እናቴን ከሰው በታች አደረግኋት። ሲታተም ሞቅ እያለ የወጣውን ወረቀት ይዤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ሐይቁ ከመስኮቱ እስኪጠፋ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቆንጆ ነበር። ውጫሌ እስክደርስ ድረስ ድነናል ብዬ አምኜ ነበር።

እና አሁን በማግስቱ ጠዋት፣ በመጨረሻው ቀን፣ እናቴ ፊት የተሰረዘ ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ።

«አንቺ አታውቂም» አልኳት። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው። ሁሉም ያለቅሳል። አንቺ ብቻ ነሽ እንደ ሙሽራ የምትቀርቢው።»

«እኔ አላለቅስም አልኩ? ሲያስለቅስ አለቅሳለሁ። አሁን ግን ጠዋት ነው፣ ልጄ አጠገቤ ነው፣ ሊጤ ኩፍ ብሏል። ምን ብዬ ላልቅስ?»

«እትዬ» አለ የባጃጁ ሾፌር፣ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «በቀን ስንት ፔርሙዝ ነው የሚወጣልሽ?»

«በአዘቦት ሁለት። የገበያ ቀን አራት። አንዳንዴ ሁለተኛው ሳያልቅ ይመሻል።»

«ሐሙስስ?»

«የሐሙሱ ይሸጣል እንዴ?»

ወደኔ ዞረ። «እሱን ጻፈዋ! ፔርሙዝ አያለቅስ፣ አይስቅ። ምን ታደክማታለህ?»

አዲስ ወረቀት አወጣሁ። በአዘቦት ሁለት ፔርሙዝ፣ በገበያ ቀን አራት። ሐሙስ ከአስር በኋላ የሚጠጣው ሰደቃ ነው። ገማቾች በመጡ ዕለት የተቀመጡት ለዱአ የመጡ ጎረቤቶች ናቸው። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሳነብላት እጇን እየጠረገች ሰማችኝ።

«ይኼ ልክ ነው» አለች። «በዚህ እፈርማለሁ።»

ወረቀቱን በደስታ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ግን ልብስ ለመቀየር ገባችና በዒድ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ፣ አዲሱን ሻርፕ ተከናንባ ወጣች።

«እማ፣ በአላህ፣ ይኼን አውልቂው። የሥራ ልብስሽን ልበሺ።»

«መንግሥት ፊት ሊጥ ተለቅልቄ ልቅረብ? አባትህ ቢሰማ ምን ይላል?»

ሄድን። በግብር ጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ሰልፉ ግድግዳውን ዞሮ ነበር። ከፊታችን የነበረው ሰውዬ ጥሩ ጫማውን በፌስታል ይዞ፣ አፉ የተከፈተ አሮጌ ጫማ ተጫምቷል። ከሱ ፊት ያለችው ሴት የሚያስል ሕፃን አዝላለች፤ ሕፃኑ ሲተኛባት ቀስ ብላ ትነቀንቀዋለች። ሁሉም ፊቱን እያዘጋጀ ነበር። እናቴ በዒድ ቀሚሷ መሃላቸው ቆማ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ልጆችሽ እንዴት ናቸው፣ ከብቶቹ፣ ጤናህ። ሰውዬው «ምንም አይል፣ እትዬ» ሲላት «አልሐምዱሊላህ በል፣ የኔ ወንድም፤ ለክርስቲያንም ይሆናል» አለችው። እጇን ያዝኩት። «ውስጥ ስንገባ እንዳትይው» አልኳት በጆሮዋ። «ለምነሽ አታውቂም? ዛሬ ብቻ። ለኔ ብለሽ።» እጇን አስለቅቃ ወደ ሰልፉ ዞረች።

ተራችን የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ ሁለት ሰዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ያችው ባለ ሰማያዊ ማህደር ልጅ። የቅሬታ ሰሚው ሰብሳቢ ከኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ወንበር አቀረበላት፣ «ይቀመጡ እናቴ» አላት፣ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። አጭር በመሆኑ ደስ ያለው መሰለኝ። ከዚያ ልጅቷን አያት፤ እሷም ቅጹን አውጥታ አነበበች።

«ገበያ እንዴት ነው ለሚለው፣ ምንም አልጎደለብንም። ወንበሩ ሁልጊዜ ይሞላል ወይ ለሚለው፣ ይሞላል።»

«ብለዋል፣ እናቴ?»

«ብያለሁ።»

«የሐሙስ ዱአ እኮ ነበር፣ ሰዎቹ…» ስል ሰብሳቢው እጁን አነሳ። «አንተ ቆይ። እሳቸው ይናገሩ። እናቴ፣ ያን ዕለት የተናገሩት ልክ አልነበረም ማለት ነው?»

«ልክ ነበር።»

«ዛሬ የጻፉትስ?»

«እሱም ልክ ነው።»

አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ፈገግ አለ። «እንግዲህ ወይ ለ ነው ወይ ሐ ነው፣ እትዬ። መሃል ላይ ፊደል የለንም።»

እናቴ ወደ ሰብሳቢው ጠጋ አለች። «ልጄ፣ ሰው ቤትህ መጥቶ እንዴት ነህ ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

«ደህና ነኝ እላለሁ።»

«ደህና ነህ?»

ሰብሳቢው አያት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘቀዘቀው፣ መልሶ አቀናው። «ሥራ ላይ ነን፣ እናቴ» አለ። ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ ያኔ ተስፋ አደረግሁ።

ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ። «እንዲህ እናድርግ። ይኼ የቀድሞ ቃልን ማንሻ ነው። ለገማች ኮሚቴ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ ይነሳልኝ ይላል። እዚህ ጋ አሻራዎን ያደርጋሉ። ገማቾቹ በሥራ ቀን እንደገና ይመጣሉ፤ ፔርሙዙን ያዩታል፣ ደረጃዎ ይመለሳል። አለቀ።»

«ምን ይላል?»

«ሐሰት ስለሆነ።»

«የቱ ነው ሐሰት?»

«ያን ዕለት ያሉት።»

«አልሐምዱሊላህ ያልኩት?»

«እሱን አይደለም፣ እናቴ፤ ገቢውን ነው።»

«እኔ ለይቼ አልተናገርኩትም።» ወረቀቱን በአንድ ጣቷ ወደሱ መልሳ ገፋችው። «ሌላ ጻፍልኝ። ሰዎቹ እንግዳ ነበሩ በል። ባለማወቅ ተቆጥረዋል በል። ሐሰት ግን አትበል።»

«ቅጹ ነው፤ የታተመ ነው። እኔ አልጻፍኩትም።»

«የጻፈው ይምጣና እነግረዋለሁ።»

«እማ!» ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ጉልበቷን ይዤ ነበር፤ ሰዎቹ መኖራቸውን ረስቼ። «ወረቀት ነው። ልብሽን አላህ ያውቀዋል።»

«ልቤን ያውቃል። ጣቴንስ አያይም?»

«ቤቱ ይታሸጋል! ከዚያ ምን ልትሆኚ ነው? ፔርሙዝ አንጠልጥለሽ መናኸሪያ ውስጥ፣ ደንብ አስከባሪ ሲያባርርሽ፣ እኔ ከሐይቅ መጥቼ ልይሽ? ሐሙስስ የት ነው የሚሰበሰበው? አላሰብሽውም?»

ያኔ ፊቷ ተለወጠ። አስባው ነበር። ሻርፗን ወደ አፏ ሳበችው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተቀመጠበት ያ ክፍል፣ መስተዋቱ ውስጥ ያለው ስሟ፣ ሁሉም በዓይኗ ሲያልፍ አየሁት። ከውጭ ሰልፈኞቹ ሲያጉረመርሙ ይሰማል።

«አልችልም» አለች በመጨረሻ። ለኔ እንጂ ለሰብሳቢው አልነበረም። «ብችል ላንተ ብዬ አደርገው ነበር። አልችልም፣ ልጄ።»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ከዚያ እኔን። «ውክልና አለህ?»

ነበረኝ። ፈቃድ ማደስ በኮምፒውተር ከሆነ ወዲህ እሷን ወክዬ የምመላለሰው እኔ ስለሆንኩ፣ ውክልናው በሕግ ፊት ተሰጥቶኝ ከመታወቂያዋ ቅጂ ጋር በኪሴ ነበር።

«አለኝ» አልኩ።

«እንግዲያው አንተ መፈረም ትችላለህ። ለኛ ያው ነው።»

እናቴ አየችኝ። አልከለከለችኝም። አትፈርም አላለችም፣ ፈርም አላለችም። እንዲህ ዓይነት አስተያየት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ መልኬን ልታስታውስ የምትሞክር ትመስል ነበር። ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ፊደሉ፣ ወደ ታሸገው በር፣ ሰንሰለቱ እንደገና በጭንቅላቴ ዞረ። ያን ሐሙስ አፌን ብከፍት ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር አልኩ ለራሴ። አሁን ደግሞ ዝም ብል ሁለተኛዬ ነው።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። «ሐሰት» የምትለው ቃል ከመፈረሚያው በላይ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበረች። ከሷ በታች ስሜን ጻፍኩ፤ ከስሜ ጎን «ስለ እናቴ» ብዬ ፈረምኩ። ልጅቷ መጥታ ማኅተሙን መታችው።

«የሚመጡት በሥራ ቀን ይሁን» አላት ሰብሳቢው። «ሐሙስ እንዳይሆን ጻፊ።»

ልጅቷ ጻፈች።

እናቴ ተነሳች። የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች፣ ሻርፗን መልሳ ተከናነበች።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ፣ እማ። ይመለስልሻል። ደረጃሽ ይመለሳል፣ ፈቃዱም ይታደሳል።»

«ያንተው ነው እንግዲህ» አለች። «እኔ እዚያ ላይ የለሁበትም።»

ለሰብሳቢው ጎንበስ ብላ «አላህ ይስጥህ፣ ወንበርህን ሰጥተኸኛል» አለችው። ልከተላት ብድግ ስል ሰብሳቢው «ቆይ፣ ቅጂው ላይም ፈርም» አለኝና አንዱን እግሬን ወደ በሩ፣ አንዱን ወደ ጠረጴዛው አድርጌ ቀረሁ። እሷ ወደ ኋላ አላየችም። በሩን በሽተኛ ካለበት ክፍል እንደሚወጣ ሰው ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ሳበችው፤ ተዘጋ።